ከቍስል ላይ የተነሣ ሥጋ ባለቤቱ ማን ነው?

የሰው ገላ የራሱ የሰውየው ነው ቢባል የሚከራከር አይገኝም። ክርክሩ የሚነሣው ከገላው አንዲት ቅንጣት ተለይታ በሌላ ሰው እጅ በገባች ጊዜ ነው። ጠጕሩን ተስተካክሎ ከወንበሩ የሚነሣ ሰው መሬት ላይ ስለ ቀረው ጠጕር አይጨነቅም። ይሁን እንጂ በአገራችን ጠጕሩንና ጥፍሩን በባላንጣ እጅ እንዳይገባ ሰብስቦ የሚቀብር ሰው ጥቂት አልነበረም፤ የእንግዴ ልጅም እንደ ጕድፍ ሳይጣል በወጉ ይቀበር ነበር። ለዚህ ልማድ ይሰጥ የነበረው ምክንያት የዛሬውን ተማሪ የሚያጠግብ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ከልማዱ ሥር አንድ አሳብ አለ፤ ይኸውም ከሰው ገላ የወጣ ነገር ከሰውየው ጋር ያለው ግንኙነት በመለየቱ ብቻ አይቋረጥም የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የተነሣነው ይኸው አሳብ በሳይንስ ዘመን ምን ዋጋ እንዳለው ነው። ለምርመራችንም የመረጥነው ማንም ሊያየው የማይወደውን፣ ሳይድን ለወራትና ለዓመታት የሚኖረውን ቍስል ነው።

ጤነኛ ሰው በቈሰለ ጊዜ ደሙ ይረጋል፤ ቍስሉ ይቈጣል፤ ከዚያም አዲስ ሥጋ ይሞላና ቈዳ ይለብሳል። ይህ ሥርዓት በመካከሉ ተሰናክሎ፣ ቍስሉ በመቈጣቱ ላይ ብቻ ቆሞ የቀረ እንደ ሆነ፣ ሥር የሰደደ ቍስል ይባላል። በስኳር በሽታ የተያዘ ሰው እግር፣ የደም ሥሩ ደሙን ወደ ላይ መመለስ ያቃተው ሰው ቅልጥም፣ ለብዙ ጊዜ ከአልጋ ያልተነሣ ሕመምተኛ ጀርባና ዳሌ፣ እንዲሁም የሥጋ ደዌ ነርቩን አደንዝዞበት እሾህ ሲወጋው የማይሰማው ሰው ውስጥ እግር የዚህ ቍስል ማደሪያዎች ናቸው። እንዲህ ያለውን ቍስል የሚያክም ባለሙያ የሞተውን ሥጋ በስለትና በወረንጦ እየለየ ያነሣል፤ የሞተው ካልተወገደ ሕያው አይበቅልምና። የተነሣውም ሥጋ ከቈሸሸው ፋሻ ጋር ወደ ማቃጠያው ይሄዳል።

ተመራማሪው እጁን የሚዘረጋው ከእሳቱ አስቀድሞ ለዚህ ሥጋ ነው። ይህንም የሚያደርግበት በቂ ምክንያት አለው። አንደኛ፣ በቤተ ሙከራ የሚያድጉ አይጦች ቍስላቸው የሚድነው በአብዛኛው ቈዳቸው ተሰብስቦ ነው፤ የሰው ቍስል ግን ይበልጡን አዲስ ሥጋ ሞልቶ አዲስ ቈዳ በመልበስ ስለሚድን፣ የአይጥ ቍስል የሰውን ቍስል ምስጢር ሁሉ ሊገልጥ አይችልም። ሁለተኛ፣ በቍስሉ ውስጥ ያለው ጕዳይ ላዩን በጥጥ ጠርጎ የሚደረስበት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በአሜሪካ ታትሞ የወጣ አንድ ጥናት ከ50 ሥር የሰደዱ ቍስሎች የተወሰደውን ናሙና በማይክሮስኮፕ ቢመረምር፣ በ30ዎቹ ውስጥ ባክቴሪያዎች ራሳቸው በሠሩት አተላ መሰል ሽፋን ተሸሽገው ተገኙ። ከ16 አዳዲስ ቍስሎች ግን ይህ የታየው በአንዱ ብቻ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።) በሽፋኑ ውስጥ የተሸሸገውን ባክቴሪያ መድኃኒት በቀላሉ አያሸንፈውም። ይህን ያስረዳው በእሳት ሊጠፋ የነበረው ሥጋ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሕመምተኛው ሥጋ አስፈላጊነት የታየው በሥጋ ደዌ ላይ ነው። ይህን ደዌ የሚያመጣውን ባክቴሪያ በሰው ሠራሽ ምግብ ላይ ማራባት እስከ ዛሬ ድረስ አልተቻለም። በ1960 በአይጥ መዳፍ ውስጥ፣ በ1971 ደግሞ አርማዲሎ በሚባለው የአሜሪካ እንስሳ ገላ ውስጥ ማራባት እስኪቻል ድረስ፣ ባክቴሪያውን ለማጥናት የሚሻ ሊቅ ከታመመ ሰው ሥጋ በቀር ሌላ ምንጭ አልነበረውም። ጃፓናዊው ሐኪም ኬንሱኬ ሚትሱዳ በ1919 ስለ ቈዳ መመርመሪያው ባሳተመ ጊዜ፣ መመርመሪያው የሚዘጋጀው ከሕመምተኞች እባጭ የተወሰደ ሥጋ ተቀቅሎና ተፈጭቶ ነበር። ሌፕሮሚን የተባለው ይህ መመርመሪያ በብዙ አገሮች አገልግሏል። እንግዲህ ከማኅበር የተገለለው፣ በአንድ ገበታ የሚቀርበው ሰው ያጣው ሕመምተኛ፣ ሥጋው ብቻ ባሕር ተሻግሮ ለዓለም ጥቅም ይሰጥ ነበር ማለት ነው።

ከአገራችንም የሚጠቀስ ምሳሌ አለ። በደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ የሚያርስ ገበሬ እግሩ አብጦ፣ ቈዳው ተሰነጣጥቆ ውሃ የሚያዥበት ዝሆኔ የተባለ በሽታ አለ። ብዙ ሰው ይህን በሽታ እርግማን ነው ይል ነበር፤ ሌላውም ይተላለፋል ብሎ ከሕመምተኛው ይሸሽ ነበር። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያ ባደረገው ምርምር የሕመምተኞችን የንፍፊት ሥጋ መርምሮ ከአፈር የገቡ ጥቃቅን የማዕድን ቅንጣቶች አገኘ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ፣ ጫማ በማድረግና እግርን በመታጠብ የሚከለከል መሆኑን ለማስረዳት ይህ ምርምር ታላቅ እርዳታ አደረገ። ከሕመምተኛ የተወሰደች ቅንጣት ሥጋ በሕመምተኞች ሁሉ ላይ የተጫነውን የእርግማን ስም ልታነሣ እንደምትችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አንሻም።

ጥቅሙ ይህን ያህል ከሆነ፣ ታዲያ ጥያቄው ምንድር ነው የሚል አንባቢ አይጠፋም። እንዲህ የሚለው ሰው ክርክር ቀላል አይደለም። የተነሣው ሥጋ የሞተ ነው ይላል፤ ለባለቤቱ ሥቃይ እንጂ ጥቅም አልነበረውም፤ ቢቀር ይጎዳዋል፤ ቢጣል ይቃጠላል። ከእሳት ነጥቆ ለእውቀት ማዋል ማንን ይበድላል? ለጕድፍ ፈቃድ መጠየቅስ ጊዜ ማጥፋት አይደለምን? ይህ አነጋገር በመጀመሪያ ሲሰሙት እውነት ይመስላል። ስሕተቱ አንድ ነገር ለሁሉም ሰው አንድ ዐይነት ዋጋ አለው ብሎ መነሣቱ ነው። በባለቤቱ ዘንድ ጕድፍ የሆነው ነገር በተመራማሪው ዘንድ ጕድፍ ቢሆን ኖሮ ባልፈለገውም ነበር። በማሰሮ አኑሮ፣ በበረዶ ጠብቆ፣ ቍጥር ሰጥቶ የሚያስቀምጠው ሀብት መሆኑን ዐውቆ ነው። አንዱ የሚያውቀውን ዋጋ ሌላው ሳያውቅ የሚደረግ መውሰድ፣ የተወሰደው ነገር ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ ቅንነት ይጎድለዋል።

በዚህ ተቃራኒ የቆሙ ደግሞ ሥጋው የሕመምተኛው ንብረት ነውና እንደ ማናቸውም ንብረት በዋጋ ይገዛ ይላሉ። የእነዚህ አሳብ ለድኻው የሚያዳላ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ሥጋ በገበያ ዋጋ የወጣለት እንደ ሆነ ሥጋውን ለመሸጥ የሚሰለፈው ባለጸጋው አይሆንም። የቤት ኪራይ የቸገረው ሰው ቍስሉ ቶሎ እንዳይድንለት የሚመኝበት ቀን ይመጣል። ሰውን ከገላው ጋር የሻጭና የሸቀጥ ግንኙነት ውስጥ የሚያገባ መፍትሔ ሰውን አከበረ ሊባል አይችልም።

ከሁለቱ መንገዶች ውጭ ሦስተኛ መንገድ እንዳለ ለማየት ወደ በርገን ከተማ እንሂድ። በኖርዌይ አገር በዚህች ከተማ ይሠራ የነበረው ሐኪም ጌርሃርድ አርማወር ሃንሰን በ1873 የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ያገኘ ሰው ነው። በዘመኑ ብዙ ሊቃውንት ደዌው በዘር የሚወረስ ነው ይሉ ነበር። ሃንሰን ግን ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ መሆኑን ለማስረዳት ፈለገ፤ በእንስሳት ላይ ያደረገው ሙከራ ግን አልሠመረለትም። ስለዚህ በ1879 ከአንድ ሕመምተኛ እባጭ የተወሰደ ነገር በስለት ጫፍ አድርጎ፣ ሌላ ዐይነት የሥጋ ደዌ በያዛት በአንዲት ሴት ዐይን ውስጥ አገባው። ምን እንደሚያደርግ አልነገራትም፤ ፈቃዷንም አልጠየቀም። በ1880 ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋተኛ ሆነ፤ በዚያ ሆስፒታል የነበረውንም የሐኪምነት ቦታ አጣ። የአገሩ የሥጋ ደዌ ጕዳይ ዋና ሐኪምነቱ ግን አልተነሣበትም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ሕመምተኞች እንዳሉ እናስተውል። አንደኛዋ ዐይኗ የተወጋው ሴት ናት፤ ክሱም ፍርዱም ስለ እርስዋ ነበር። ሁለተኛው እባጩ የተወሰደበት ሕመምተኛ ነው። ስለዚህ ሰው የሚናገር ጥቂት ነው፤ ከእባጩ ጥቂት ቢቀነስለት ምን ይጎዳዋል? ነገር ግን ከእርሱ ገላ የወጣው ነገር እርሱ በማያውቀው መንገድ ሄዶ የሌላ ሰው ዐይን መውጊያ ሆነ። አስቀድሞ ቢጠየቅ ኖሮ «ለምርምር ይሁን፤ ለዚህ ግን አይሁን» ለማለት ይችል ነበር። የሚጣል የተባለው ሥጋ ሥራ የሚሠራ፣ የሚጠቅምም የሚጎዳም ነገር እንደ ሆነ ከዚህ እንረዳለን። ሰው ከእርሱ የወጣው ነገር በዓለም ላይ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ መብት አለው የምንለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከ110 ዓመት በኋላ በአሜሪካ አገር ተመሳሳይ ጥያቄ በሌላ መልክ ለዳኞች ቀረበ። በ1976 በካሊፎርኒያ አንድ የደም ካንሰር ሕመምተኛ ለሕክምናው ሲባል ጣፊያው ወጣለት። ሐኪሙ ከሕመምተኛው ሕዋሳት በቤተ ሙከራ ሳያቋርጥ የሚራባ ዘር አወጣ፤ በ1984ም የፈጠራ መብት ተሰጠበት። ሕመምተኛው ይህን ባወቀ ጊዜ ከሰሰ። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1990 በሰጠው ውሳኔ፣ ሕመምተኛው ከገላው በወጣው ሕዋስ ላይ የንብረት ክስ ሊያቀርብ አይችልም አለ፤ ነገር ግን ሐኪሙ የምርምርና የገንዘብ ፍላጎት እንዳለው ሳይገልጥ ፈቃድ መቀበሉ ሊያስጠይቀው ይችላል ሲል ወሰነ። ዳኞቹ ከሥጋው ባለቤትነት ይልቅ በሐኪሙና በሕመምተኛው መካከል ያለውን መታመን ትልቅ አድርገው ተመለከቱት ማለት ነው።

ለዚህ መታመን በቋንቋችን ጥንታዊ ስም አለው፤ አደራ ይባላል። አደራ ስጦታ አይደለም፤ ስጦታ ሰጭውን ከነገሩ ፈጽሞ ያሰናብተዋል። ሽያጭም አይደለም፤ የተሸጠ ነገር ዋጋው ከተከፈለ በኋላ ሻጩን አይመለከትም። አደራ ግን በተቀባዩ እጅ እያለ የሰጭውን አሳብ ይዞ ይኖራል። አደራ ተቀባይ ነገሩን ለታሰበለት ሥራ ሊያውለው ይችላል፤ ወደ ሌላ ሥራ ሊያዞረው ሲሻ ግን ተመልሶ ይጠይቃል። በተጠየቀ ጊዜ ምን እንዳደረገበት ይናገራል። ከተገኘውም ፍሬ የአደራውን ባለቤት አይረሳም። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚለው ብሂል ምስክር በሌለበት ስፍራ የሚጠብቀን ሕሊናችን ብቻ መሆኑን ያሳስባል። በበረዶ ሣጥን ውስጥ ለ20 ዓመት የተቀመጠ ናሙና ደግሞ ከዚህ የበለጠ ምስክር የሌለው አደራ ነው። በሕዝባችን ዘንድ ሌባ ከመባል ይልቅ አደራ በላ መባል የሚያሳፍረውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሌባ የሚሰርቀው ያላመነውን ሰው ሲሆን፣ አደራ በላ ግን ያመነውን ሰው ይከዳል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ በመጠየቅ ይጀመራል ካልን፣ ከባዱ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ቍስሉ ለዓመታት ያልዳነለት ሰው ምን ዐይነት ሰው ነው? ሽታው እንዳይሰማ ከሰው ርቆ የሚቀመጥ፣ ከሰርግና ከልቅሶ የቀረ፣ ሥራውን ያጣ፣ ምናልባትም ፋሻውን ሳይጠየፍ የሚፈታለት ሰው በዓለም ላይ ያ ድሬሰር ወይም ያቺ ነርስ ብቻ የሆኑበት ሰው ነው። እነዚያው እጆች ወረንጦውን ይዘው «ከዚህ ጥቂት ለጥናት እንውሰድን?» ቢሉት ምን ብሎ እንቢ ይላል? «እሺ፣ እንደ ወደዳችሁ» ይላል። ይህ እሺታ ግን ፈቃድ ላይሆን ይችላል፤ ይሉኝታ ሊሆን ይችላል። ያከመኝን ሰው ፊት እንዴት እነሣለሁ ማለት ነው፤ ወይም ነገ ፋሻዬን ማን ይፈታልኛል ብሎ መፍራት ነው። ይሉኝታ በጎረቤት መካከል ሲሆን ያማረ ነገር ነው፤ በፈቃድ ወረቀት ላይ በፈረመ ጊዜ ግን የሰውን ነጻነት በጨዋነት ልብስ ሸፍኖ ይወስዳል።

ስለዚህ የሚጠይቀው ሰው ቍስሉን ከሚያጥበው ሰው ሌላ ቢሆን ይገባል እንላለን። ይህ የእኛ ፍልስፍና ብቻ አይደለም። በ1964 የወጣውና በየጊዜው የታረመው የዓለም ሐኪሞች ማኅበር የሄልሲንኪ መግለጫ፣ ተጠያቂው በሐኪሙ ላይ ጥገኛ በሆነ ጊዜ ፈቃዱን ከዚህ ጥገኝነት ውጭ የሆነ ሰው እንዲጠይቀው ያዛል። ከዚህ ጋር፣ ጥያቄው ሕመምተኛው በስለቱ ሥር ተኝቶ ሳለ አይቅረብለት፤ አስቀድሞ ይነገረው፤ ወደ ቤቱ ሄዶ ከሚስቱ ወይም ከልጁ ጋር ይምከርበት። በሚገባው ቋንቋ ይነገረው። እንቢ ቢል ፋሻው እንደ ወትሮው እንደሚፈታለት በቃል ብቻ ሳይሆን እንቢ ያለ ሌላ ሰው ሲታከም አይቶ ይረዳው። ለሕክምናው ከሚያስፈልገው በላይ አንድ ስንዝር እንኳ ለጥናት ተብሎ እንዳይቈረጥ ደግሞ ቈራጩ ይጠንቀቅ፤ የሞተውን ማንሣትና ሕያውን መውሰድ አንድ አይደሉምና።

በደቡብ ኢትዮጵያ ስለ ዝሆኔ የዘር ጥናት የሚያደርጉ ተመራማሪዎች በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ መገለልን መፍራት በፈቃድ አሰጣጥ ላይ ታላቅ ኃይል እንዳለው ገልጠዋል። በሽታው በዘር ይተላለፋል ተብሎ ቢወራ ልጃቸውን ማን ያገባታል ብሎ የሚፈራ ቤተ ሰብ ናሙና የሚሰጠው በራሱ ገላ ላይ ብቻ ፈርዶ አይደለም። አደራው ምን ያህል ሰፊ እንደ ሆነ ከዚህ ይታያል፤ የአንድ ሰው ቅንጣት ስለ ወንድሙም፣ ስለ ልጁም፣ ስለ መንደሩም ትናገራለችና።

አሁን ደግሞ ፍርዱን ሚዛናዊ ለማድረግ ለተመራማሪው እንናገርለት። ጠያቂውን የሚያስር ደንብ ሁሉ መልካም አይደለም። የፈቃዱ ወረቀት 10 ገጽ ሆኖ ማንም የማያነበው ከሆነ መሥሪያ ቤቱን እንጂ ሕመምተኛውን አይጠብቅም። ሕመምተኛውም ቢሆን ግዴታ የለበትም አንልም። ዛሬ የሥጋ ደዌ ታማሚ በመድኃኒት የሚድነው ከእርሱ በፊት የታመሙ ሰዎች ገላቸውን ለምርመራ ስለ ሰጡ ነው፤ ከትናንቶቹ የተቀበለ ሰው ለነገዎቹ ቢሰጥ የተገባ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ምሳሌ ለአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ለሕዝብም ይሠራል። በባዶ እግሩ የሚሄደው ገበሬ ቍስል ያልተጠናበት ሳይንስ የጫማ ለባሹን ቍስል ብቻ የሚያውቅ ሳይንስ ይሆናል። ነገር ግን የሕሊና ግዴታ ባለቤቱ ለራሱ የሚያዝዘው እንጂ ሌላ ሰው በስለት የሚያስከፍለው ዕዳ አይደለም። ምጽዋት መልካም ነው ተብሎ የሰው ኪስ አይዳበስም።

በአዲስ አበባ፣ የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ከሚታከሙበት ከአለርት ሆስፒታል አጠገብ፣ በ1970 የተቋቋመ የምርምር ተቋም አለ። ስሙም አርማወር ሃንሰን ይባላል። ያንን ስም መያዙን እንደ ነውር አንቈጥረውም፤ ባክቴሪያውን ያገኘውን ሊቅ ማክበር ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ስሙን በደጃፉ የሚያነብ ተማሪ ከ1873ቱ ማይክሮስኮፕ ጋር የ1880ውን ፍርድ ቤት አብሮ ቢያስታውስ እንወዳለን። ታላቅ እውቀትና ታላቅ መዳፈር በአንድ ሰው እጅ ውስጥ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ስሙ ራሱ ያስተምራል። ያቺን ሴት የበደላት ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስለ ሰው ልጅ ጤና ሌት ተቀን የሚደክም ሰው ነበር። ለዚህ ነው ደንብ የሚያስፈልገው ለክፉዎች ብቻ ሳይሆን ይልቁንም ለትጉሃንና ለበጎ አሳቢዎች ነው የምንለው።

እንግዲህ ለመጀመሪያው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ከቍስል ላይ የተነሣ ሥጋ ባለቤት የሌለው ጕድፍ አይደለም፤ የሚሸጥ ሸቀጥም አይደለም፤ የሰው አደራ ነው። ፈቃድ ሰጪ የሆነው ባለሥልጣን ማኅተሙን ከማሳረፉ በፊት ሕመምተኛውን የጠየቀው ማን እንደ ሆነ ይመርምር። መምህሩ የማይክሮስኮፕን አያያዝ ሲያስተምር በመስተዋቱ ላይ ያለችው ቅንጣት የማን እንደ ነበረች መጠየቅንም ጨምሮ ያስተምር። ተማሪውም ነገ ነጭ ካባውን ለብሶ ወደ አልጋው ሲቀርብ፣ ከፊቱ ያለው ቍስል ሰው እንዳለው አይርሳ። ናሙናው ከመወሰዱ በፊት ጥቂት ደቂቃ ለመጠየቅ ቢጠፋ ሳይንስ አይዘገይም፤ ሳይጠየቅ ተወስዶ መታመን የጠፋ እንደ ሆነ ግን የሚቀጥለው ሕመምተኛ ቍስሉን ሸፍኖ ቤቱ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ሳይንስም ሕመምተኛውም አብረው ይጎዳሉ።